ባለቤቱ ያልታወቀ ቀበሮ

ባሌ ለሥልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲላክ ለእኔና ለእናቱ ትቶልን የሄደው አንድ ቤትና ጥቂት ዶሮዎች ነበር። የምንነጋገርበትን ርዕስ ግን አልተወልንም።

ቤታችን ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነው። ከጓሮው ጀርባ ሜዳ ብቻ ነበር፤ ሜዳው እስከ ወንዙ ይወርዳል፣ ከወንዙ ማዶ ራቅ ብሎ የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ይታያል። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አማቴ እዚያው አካባቢ ተወልደው ያደጉ የኦሮሞ ገበሬ ልጅ ናቸው። አባታቸው በጪሰኝነት ያርሱት የነበረው መሬት ላይ አሁን አውሮፕላን ይንደረደርበታል። ይህን ሲያነሱ አዝነው አያውቁም። “በሬ ይሄድበት ነበር፣ አሁን ብረት ይሄድበታል” ይላሉ፣ በቃ።

እሳቸው እኔን “ሙሽሪት” ይሉኛል፤ ካገባሁ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ አልለቀቀኝም። እኔ “እማማ” እላቸዋለሁ። ከዚህ ሌላ በመካከላችን የሚያልፈው ቃል “ጨው አልቋል” እና “ውሃ መጣ” ነበር። ጠብ አልነበረንም። ለጠብም እኮ ወሬ ያስፈልጋል።

ነገሩ የተጀመረው በዐቢይ ጾም ነው። ለፋሲካ የታሰቡት ዶሮዎች መጉደል ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት ቆጡ ሥር ላባ ብቻ ተበትኖ አገኘን። ጎረቤቶች ተሰብስበው አስተያየት ሰጡ። በግራ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ሌባ ነው አሉ። በቀኝ በኩል ያሉት ደግሞ የግራዎቹን እያዩ ሌባ ነው አሉ። የሰፈሩ አብዮት ጥበቃ መጣና ላባውን በጠመንጃው አፈሙዝ ገልበጥ ገልበጥ ካደረገ በኋላ የኢኮኖሚ አሻጥር ሊሆን እንደሚችል ገለጸልን። ሰዉ ሲበተን አማቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጉንጫቸው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አሉ። እኔ ሥራ ይረፍድብኝ ስለነበር ትቻቸው ሄድኩ።

አመሻሽ ላይ ስመለስ የቤቱ ሳፋዎች፣ ድስቶችና ጎድጓዳ ሳህኖች በሙሉ ግቢው ውስጥ ተደፍተው ጠበቁኝ። አንዱ ከሌላው ትንሽ ፈንጠር እያለ፣ ከቆጡ ጀምሮ እስከ አጥሩ ቀዳዳ ተሰልፈዋል። ራት የሚሠራበት ዕቃ አልቀረም።

“እማማ፣ ደኅና ነዎት?” አልኩ።

“ሰው እንዳይረግጠው ነው። ነይ።” የመጀመሪያውን ሳፋ አነሡ። “እዪ።”

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ካፊያ ጥሎ ነበር። “ጭቃ ነው” አልኩ።

“ጭቃማ ጭቃ ነው። ጭቃው ላይ ምን አለ?”

“ምንም።”

ሁለተኛውን አነሡ። እሱም ጭቃ ነበር። ሦስተኛውም። አጥሩ ጋ ደርሰን ትንሿን ድስት ሲያነሡ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ታበራ ስለነበር ድንገት ታየኝ። አራት ጣቶች፣ በየጣቶቹ ጫፍ የጥፍር ነጥብ፣ ከኋላቸው ትንሽ መዳፍ። እዚያው የነበረ ነገር አሁን ገና የተቀመጠ መሰለኝ።

“ውሻ ነው!” አልኩ፣ ተደስቼ።

“ውሻ ምን ቸገረው? ጣቱን በትኖ፣ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው የሚሄደው። ይሄ ጠባብ ነው። ደግሞ እዪ፤ የፊት እግሩ በረገጠበት ላይ የኋላውን ያሳርፋል። በክር ላይ እንደሚሄድ። ጄዳላ ነው።”

“ጄዳላ ምንድን ነው?”

“ቀበሮ” አሉ፣ እኔ ባለማወቄ ሳይሆን አማርኛው ስላነሰባቸው ያፈሩ ይመስል።

ያን ዕለት ራት ዘገየ። ግን እየበላን፣ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ካወራነው ሁሉ የበለጠ አወራን። ስለ ቀበሮ ነበር። ርዕስ ተገኘ።

እሑድ እሑድ ማለዳ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወደ ሜዳው መውረድ ጀመርን። ከቅዳሴ ጋር ይጋጭ ነበር። አማቴ ለዚህም መላ አላጡም፤ በወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በሚካኤል በዓል፣ ለቀሩት እሑዶች ሁሉ ቆመው ሊያስቀድሱ ተስማሙ። የተስማሙት ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኩም። “ደጁ ላይ ነን እኮ፣ ያየናል” ብለውኛል።

የመጀመሪያው ትምህርት ልብስ ነበር። ነጭ ነጠላ ክልክል ነው። የባሌን አሮጌ ካኪ ሱሪና ካኪ ጃኬት አውጥተው አለበሱኝ። ያልጠበቅነው ነገር ቢኖር የሰፈሩ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ካኪ የሚለብስ ሰው የታወቀ ነው። ከሜዳ መልስ ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ስቆም ከፊቴ ያሉት ዞር እያሉ አይተው “ይለፉ፣ ጓድ” ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ካድሬ አይደለሁም ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ፀሐዩ ከባድ ስለነበር ዘጋሁት።

ሁለተኛው ትምህርት ነፋስ ነው። አማቴ በቀጭን ጨርቅ አመድ ቋጥረው ይይዛሉ። ቋጠሮውን መታ ሲያደርጉት ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ አይተው በተቃራኒው ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ፀሐይ ነው። “ዝቅ ስትል መሬት ታወራለች፤ አናት ላይ ስትወጣ ዝም ትላለች። የዝምታው ሰዓት ላይ አትድከሚ” ይሉኛል። ዱካ ስንከተል ፀሐይዋን ከፊታችን አድርገን ነበር የምንሄደው፤ ያኔ የእያንዳንዱ ጣት ጥላ ወደ እኛ ይወድቃል። የሚዳቋን፣ የጥንቸልን፣ የጃርትን እግር ለየሁ። የጅብ የፊት እግር ከኋላው እንደሚበልጥ አወቅሁ። ቢሮ ስገባ ኮሪደሩ ላይ ማን እንዳለፈ በጫማው ጭቃ መለየት ጀመርኩ፤ አለቃዬ ሲያረፍድ ሁልጊዜ በጓሮ በር እንደሚገባ የደረስኩበትም በዚሁ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ የሚጠቅም አልነበረም።

አማቴ አይሳሳቱም ማለት አይደለም። አንድ እሑድ የጅብ ዱካ ነው ብለው ግማሽ ቀን ይዘውኝ ዞሩ። ዱካው የሚያበቃው አንድ መቶ አለቃ ጓሮ ሆነ። ግዙፍ ውሻ ሰንሰለቱን እየጎተተ ወጣ። አማቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና “እግሩ ግን የጅብ ነው” ብለው ተመለሱ። በዚያ ጉዳይ እስከ መጨረሻው ድረስ አቋማቸውን አልለወጡም።

ትልቁ ችግራቸው ግን ሌላ ነበር፤ መቀመጥ አይችሉም። ዱካውን አንብበው ትክክለኛው ቦታ ያደርሱናል፣ ነፋሱን ይለካሉ፣ እንቀመጣለን። ትንሽ ቆይተው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ቀጥለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ በሹክሹክታ “ያቺ የእንትና ልጅ ተፋታች አሉ” ይላሉ። ቁጥቋጦው ውስጥ የነበረው ሁሉ ይሄዳል። እንስሳውን ከእግሩ በስተቀር እምብዛም አይተውት የማያውቁት ለዚህ ነው።

እኔ ደግሞ መቀመጥ ላይ ጎበዝ ሆኜ ተገኘሁ። መሥሪያ ቤታችን በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረው። ሳላዛጋ፣ ሳልቁነጠነጥ፣ ዓይኔን ሳልከድን፣ ፊቴ ላይ አንዳች ነገር ሳይነበብ ሰዓታት መቀመጥን እዚያ ተምሬአለሁ። ሜዳ ላይ ስቀመጥ ቆቆች አጠገቤ ድረስ መጥተው ይጭራሉ። አማቴ ከሩቅ ሆነው ሲያዩ ቆዩና መንገድ ላይ ጠየቁኝ።

“እንዲህ መቀመጥን ማን አስተማረሽ?”

“መንግሥት” አልኳቸው።

ክረምት ገባ፣ ሣሩ ረዘመ፣ ቤት ዋልን። በዚያ መካከል ለባሌ ስጽፍ እናትህ የሩቅ ማያ መነጽር ይፈልጋሉ አልኩት። ለምን እንደሆነ ብገልጽለትም የተረዳኝ አልመሰለኝም። ወራት ቆይቶ ሥልጠናውን ጨርሶ የተመለሰ ጓደኛው ዕቃውን ይዞልን መጣ። መዳፍ የምታክል፣ ነጭ ዛጎል የተለበጠች፣ ጎኗ ላይ ቄንጠኛ እጀታ ያላት ናት። ሀብታሞች ቲያትር ቤት ሆነው መድረኩን የሚያዩባት ዓይነት ነበረች። አማቴ አገላብጠው አዩዋት።

“ሩሲያ አገር እንዲህ ተጊጦ ነው አራዊት የሚታየው?” አሉ።

ያም ሆኖ ታቀርባለች። ወንዝ ማዶ ያለ ወፍ ዓይኑን ሲገልጥ ይታይባታል።

በሁለተኛው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ዱካው ወፍራም ሆነ። አንድ እንስሳ በአንድ መንገድ እየተመላለሰ ነበር ማለት ነው። “ልጆች አሉት” አሉ አማቴ። “የሚመላለስ ሁሉ ቤት የሚጠብቀው አለ።” ተከተልነው። ወንዙን በድንጋዮቹ ላይ ተሻገርን፣ የጎርፍ ማስወረጃ ቱቦ አለፍን፣ የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አጠገብ ሣር የዋጠው የፈረሰ የድንጋይ ካብ ጋ ደረስን። አማቴ ቆሙ። ዱካውን ትተው ድንጋዮቹን ያዩ ጀመር። አንዱን በእጃቸው ዳበሱት።

“እዚህ የአባቴ በረት ነበር” አሉ። “በሩ በዚህ በኩል። ላሞቹን እኔ ነበርኩ የማስገባቸው።”

ከካቡ ሥር ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ አፉ ላይ ላባ፣ የአጥንት ስብርባሪና ፀጉር የበዛበት ኩስ ተበትኗል። አማቴ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱና ቀና አሉ።

“ትርፍ ቤት ነው ብሎ ወርሶታል” አሉ።

ከዚያ ጀምሮ በየሳምንቱ ነፋሱን ጠብቀን፣ እኔ ራቅ ብሎ ባለ ቁጥቋጦ ሥር፣ አማቴ ደግሞ እንዳያንሾካሽኩ ከኋላዬ ጉድጓዱ በማይታይበት ተዳፋት እንቀመጥ ነበር። እኔ የታዘብኩት አንድ ነገር ነበር። ቀበሮዎቹ የአውሮፕላን ድምፅ አይፈሩም፤ እንዲያውም ይጠብቁታል። የማለዳው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አልፎ ሲያርፍ ከሣሩ ውስጥ አይጥና አንበጣ ተደናግጦ ይፈልሳል። ያኔ እናትየዋ ከጉድጓዱ ትወጣና ያለ ብዙ ድካም ትለቅማለች። እኔ በራሴ አንድ ነገር ስታዘብ የመጀመሪያዬ ነበር። ለአማቴ ስነግራቸው “እሺ” አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ እሑድ መነጽሯን ዓይኔ ላይ አድርጌ ጉድጓዱን ሳይ ከኋላዬ “እጅ ወደ ላይ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ናቸው። አንደኛው የዶሮውን ላባ የመረመረው ነበር። ካኪ የለበሰች ሴት፣ የሩቅ ማያ መነጽር፣ የአውሮፕላን ማረፊያ አጥር። እኔም ብሆን አስር ነበር።

አማቴ እጃቸውን አነሡ፤ አንደኛው እጃቸው ላይ የአመድ ቋጠሮው አለ። ላባ መርማሪው ቋጠሮውን ተቀብሎ አሸተተ። አስነጠሰው።

ቀበሌ ወሰዱን። ሊቀመንበሩ ከባሌ ጋር በዕድሜ የሚቀራረብ፣ አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት የስፖርት አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ሲናገር ሰልፍ የሚያስተካክል ይመስላል። ወረቀት አወጣ።

“ምን ስታዩ ነበር?”

“ቀበሮ” አልኩ።

“የማን ቀበሮ?”

“የማንም አይደለም።”

ጻፈ። በተገላቢጦሽ ማንበብ ለታይፒስት ቀላል ነው፤ “ባለቤቱ ያልታወቀ ቀበሮ” ይላል።

“ቀበሮ ማለት ምን ማለት ነው?” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኔ ከማሰቤ በፊት አማቴ መለሱ። “ጄዳላ ማለት ነው፣ ልጄ።”

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየን። ከዚያ “ተለዋጭ ስም ጄዳላ” ብሎ ጻፈ።

ስለ መነጽሯ ሲጠይቀኝ ባሌ ከሶቪየት ኅብረት እንደላካት ነገርኩት። ገልብጦ ሥሯ ላይ የተጻፈውን አየ። እዚህ ላይ ተቸገረ። ከወዳጅ አገር የመጣ ዕቃ ነው፤ እንዳይጠረጥረው ወዳጅ ነው፣ እንዳይተወው መነጽር ነው። ወረቀቱ ላይ ባዶ መስመር ተወላትና ሲወስን እስኪጠራን ድረስ እንድንቆለፍ አዘዘ።

አሁን ስጽፈው ያስቃል። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚያው ግቢ ወጥተው ያልተመለሱ የሰፈር ልጆች ነበሩ። ከእኛ ቤት ጥቂት አለፍ ብለው የሚኖሩ እናት ለልጃቸው ድንኳን መትከል ተከልክለው፣ በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን እንዳለቀሱ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ልጅ የተያዘው ከዚህ ባነሰ ነገር ነው። ይህንን እያሰብኩ አማቴን አየኋቸው። እሳቸውም እያሰቡ ነበር መሰለኝ፣ እጄን ያዙኝ። እጄን ይዘውኝ አያውቁም ነበር።

የቆለፉብን የቀበሌው ሱቅ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ብርሃን በአንዲት ትንሽ መስኮት ከጎን ይገባል፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ስኳርና አቧራ አለ። ጥቂት ቆይተው አማቴ እጄን ለቀቁና ጎንበስ አሉ።

“ሙሽሪት” አሉ በሹክሹክታ፣ “ይሄ ስኳር የሚበላው አይጥ ጫማ ያደርጋል።”

“እማማ፣ በእግዚአብሔር ዝም ይበሉ” አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ አስጠራንና ውሳኔውን አሳወቀን። በማግስቱ ማለዳ ራሱ ቦታው ላይ ተገኝቶ ያጣራል። ቀበሮ ካለ እንለቀቃለን። ቀበሮ ከሌለ ጉዳያችን ወደ ከፍተኛው ይተላለፋል። ከፍተኛ የሚባለው የቀበሌዎች የበላይ ቢሮ ነው፤ በሰፈራችን ቃሉን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። እስከዚያው በራችን ላይ ጠባቂ ቆሞ ቤታችን አደርን። አማቴ ለጠባቂው ራት አወጡለት። እኔ የቀበሮ ነገር ሰው እንደጠራው የማይመጣ መሆኑን ስላወቅኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማለዳ አምስት ሆነን ወረድን፤ ሊቀመንበሩ፣ ሁለቱ ጥበቃዎች፣ አማቴና እኔ። የሊቀመንበሩ ጫማ በየእርምጃው ይጮኻል። ወንዙን እንደተሻገርን አማቴ ቆሙ።

“ልጄ፣ ጫማህን አውልቅ።”

ጥበቃዎቹ ወደ መሬት አዩ። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና አወለቀ። የአንደኛው እግሩ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ላባ መርማሪው ሲጋራ ሊለኩስ ሲል አማቴ ከአፉ ላይ ወስደው ኪሱ ውስጥ መለሱለት። ከዚያ አመዳቸውን ስለተቀሙ ከመሬት አፈር አንሥተው በተኑ፣ ነፋሱን አዩ፣ ሁላችንንም በየቦታችን አስቀመጡን።

ምንም አልመጣም። ብርሃኑ ጨመረ። ከሁሉ በላይ የፈራሁት አማቴን ነበር፤ ጉልበታቸውን ማሸት ጀምረዋል። እጃቸውን ያዝኩ። ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሲሉ ጨበጥ አደረግኳቸው። ሊቀመንበሩ ግን ድንጋይ ሆኗል። ስብሰባ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ከእኔም ይበልጣል።

“የታለ?” አለ በመጨረሻ፣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ።

“አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው የሚወጡት፣ ጓድ ሊቀመንበር” አልኩ።

ራሱን ቀስ ብሎ ወደ እኔ አዞረ። “የአውሮፕላኑን ማረፊያ ሰዓት በምን አወቅሽ?”

ምን እንደተናገርኩ ያኔ ገባኝ።

“ቀበሮዎቹ ነገሩን” አሉ አማቴ።

ለዚህ መልስ የሚሆን ጥያቄ ከማግኘቱ በፊት አውሮፕላኑ መጣ። ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ፣ ሣሩ ተኛ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጎማዎቹ አስፋልቱን ሲነኩ ተሰማ። ጸጥታው ሲመለስ ካቡ ሥር ሁለት ጆሮዎች ወጡ። ቀጥሎ አፍንጫ። እናትየዋ ወጥታ ቆመች፣ አየሩን አሸተተች፣ ወደ ሣሩ ገባች። ከኋላዋ ግልገሎቹ እየተገፋፉ ፈሰሱ። አንዱ የወንድሙን ጭራ ነክሶ ይጎትታል፣ ሌላው የራሱን ጥላ ፈርቶ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል።

ሊቀመንበሩ መነጽሯን ከኪሱ አውጥቶ ዓይኑ ላይ አደረገ፤ ነጭ ዛጎሏ ከካኪው ጋር አልሄደም። ላባ መርማሪው ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አስተካከለና “ልተኩስ፣ ጓድ?” አለ። ሊቀመንበሩ መነጽሯን ከዓይኑ ሳያነሣ በሌላ እጁ አፈሙዙን ይዞ ወደ መሬት አወረደው። አማቴ ጉልበታቸውን ማሸት ረሱ። ከጎን አየኋቸው፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት በእግሩ ብቻ የሚያውቁትን እንስሳ ፊቱን እያዩ ነበር። ዓይናቸው እርጥብ መሆኑን ሳየው ወደ ሌላ ዞርኩ።

በመልስ መንገድ ላይ ሊቀመንበሩ ጫማውን እያጠለቀ ነጻ መሆናችንን ነገረን። ሪፖርቱ ላይ “ቀበሮዎቹ በአካል ተገኝተዋል” ብሎ እንደሚጽፍ ገለጸልን። መነጽሯ ግን ለተጨማሪ ምርመራ ትቆያለች።

በሚቀጥለው እሑድ ስንወርድ ቁጥቋጦው ሥር ቀድሞን ተቀምጦ አገኘነው። ብቻውን ነው፤ ጫማው አጠገቡ ነው፤ ምርመራው ቀጥሏል። እኛም ሰላም ሳንል ተቀመጥን። ከዚያ ወዲያ ብዙ እሑዶች እንዲሁ አለፉ። ስንነሣ በስብሰባ እንደሚናገረው ጉሮሮውን ጠርጎ “ባለፈው ረቡዕ አባትየው ጥንቸል ይዞ መጥቷል” ይላል። ረቡዕ የሥራ ቀን መሆኑን አላነሣንበትም። አማቴ ከእሱ ጋር ሲሆኑ አያንሾካሽኩም፤ ፈርተው ይሁን አክብረውት እንጃ። ቀበሌ ውስጥ ስንገናኝ ግን እንደማንተዋወቅ ሆነን ነበር የምንተላለፈው።

ክረምቱ ሲገባ ግልገሎቹ አድገው ጉድጓዱ ባዶ ሆነ። በዚያው ሰሞን ሊቀመንበሩ ለሌላ ግዳጅ ወደ ክፍለ ሀገር ተላከ። መነጽሯም አብራው ሄደች።

“የሄደበት አገር ምን ምን አራዊት አለ?” አሉኝ አማቴ።

“አላውቅም።”

“ካለ ትጠቅመዋለች” አሉ።

ባሌ ሥልጠናውን ጨርሶ ሲመለስ ጥሩ ሩሲያኛ ይናገር ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የሚወራውን ግን መከታተል አቃተው። እኔና እናቱ ራት ላይ ስለ ኩስ እናወራለን። አንድ እሑድ ይዘነው ወርደን ነበር፤ ቁጥቋጦው ሥር እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው፣ አንኮራፋ፣ አንዲት ሚዳቋ ተነሥታ ሄደች። አማቴ “አባቱም እንዲሁ ነበር” አሉ። ሁለተኛ አልወሰድነውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአማቴ ጉልበት እምቢ አለ። ወንዙን መሻገር ቀረ፣ ቀጥሎ ሜዳው ቀረ፣ በመጨረሻ ከአልጋው እስከ በሩ ያለው መንገድ ረዘመባቸው። እኔ ብቻዬን እሄድና ተመልሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። እንደ ሪፖርት አይሰሙኝም። ይመረምሩኛል።

“የድንጋዩ ካብ ጋ ሴቷን አየኋት” አልኩ አንድ ቀን።

“ሴቷ መሆኗን በምን አወቅሽ?”

“አካሏ አነስ ያለ ነው፣ እማማ።”

“ሽንቷን ቁጥቋጦ ላይ ነው የሸናችው ወይስ መሬት ላይ?”

“ቁጥቋጦ ላይ።”

“እግሯን አንሥታ?”

አሰብኩ። “አዎ፣ ትንሽ አንሥታ።”

“ወንዱ ነው።”

“እኔ አይቻለሁ እኮ! እርስዎ እዚህ ተኝተው...”

“አይተሻል፤ አልተመለከትሽም። ወንዱ ነው። የአምናው ልጅ ነው፣ ገና አልሞላም፣ ለዚህ ነው ያነሰብሽ።”

እስኪመሽ ተከራከርን። ባሌ በሩ ላይ ተደግፎ አንዴ እናቱን አንዴ እኔን ያያል። እሳቸው ሲያሸልቡ ተከትሎኝ ወጣና “እናንተ ሁለታችሁ መቼ ነው እንዲህ የተዋደዳችሁት?” አለኝ። የትኛው ቀን እንደሆነ ለመናገር ሞከርኩና አልቻልኩም።

በማግስቱ ማለዳ ወረድኩ። ፀሐይዋን ከፊቴ አድርጌ ቁጥቋጦው ሥር ተቀመጥኩ። እንስሳው መጣ፣ ቆመ፣ ዞረ፣ እግሩን አነሣ። በደንብ አየሁት።

ወንድ ነበር። ለአማቴ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ አልነገርኳቸውም።